ከኩሬው ሥር የወጣው ፒያኖ

አያቴ ጃቤዝና እህታቸው ዶርካስ የሚኖሩት አንድ ግድግዳ በሚለያቸው ሁለት ቤቶች ነበር። አንዳቸው ሲያስሉ ሌላኛቸው ይሰማሉ፤ ግን አይነጋገሩም። መልእክት የማመላልሰው እኔ ነበርኩ።

«ሂልዳ፣ ለዚያ ሰውዬ ዶሮዎቹ ሰላጣዬን ጨረሱት በይው» ይላሉ አክስቴ ዶርካስ፣ አያቴ ከአጥሩ ማዶ ቆመው እየሰሙ።

«ሰላጣዋን ትጠብቅ በያት» ይላሉ አያቴ፣ እኔ ገና አፌን ሳልከፍት።

ለምን እንደተኳረፉ ማወቅ እፈልግ ነበር። እናቴን ስጠይቃት «አርፈሽ ድንችሽን ላጪ» አለችኝ። የፖስታ ቤቷ ወይዘሮ ፕሩዊት በውርስ ነው አሉኝ። የቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ቆፋሪ ደግሞ «ውርስ? የምን ውርስ? በሙዚቃ ነው እንጂ» ብሎ ሳቀና ሥራውን ቀጠለ። ይኼ ይብስ ግራ አጋባኝ። አክስቴ ቤት እንኳን የሙዚቃ መሣሪያ ሬዲዮም አልነበረም።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ዝናብ ጠፋ። ሣሩ ቢጫ ሆነ፤ በመንደራችን መሐል ያለው ኩሬም በየቀኑ እየሸሸ ሄደ። አንድ ጠዋት ላየው ብሄድ ዳክዬዎቹ ጭቃው ላይ ግራ ተጋብተው ቆመዋል። ከእነሱ አለፍ ብሎ እንደ ላም ጀርባ ያለ ጥቁር ነገር ብቅ ብሏል። የሞተች ላም መሰለችኝ። በእንጨት ብነካት ግን ደረቅ ድምፅ ሰጠች። ጫማዬን አውልቄ እስከ ጉልበቴ እየሰመጥኩ ተጠጋሁና ጭቃውን በእጄ ጠረግሁት። ጥርስ ወጣ! ደንግጬ ልሮጥ ስል ልብ ብዬ አየሁት፤ የፒያኖ ቁልፎች ነበሩ። ነጮቹ አብዛኞቹ ረግፈዋል።

«አያቴ! ኩሬው ውስጥ ፒያኖ አለ!»

አያቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አተር ይፈለፍሉ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«የለም» አሉ።

«ኧረ አየሁት!»

«እንግዲያውስ እንዳላየሽ ሁኚ።»

የጎረቤቱ በር ግን ተከፈተ። አክስቴ ዶርካስ ያለ ባርኔጣ ወጡ። ያለ ባርኔጣ ከቤት ሲወጡ አይቼ አላውቅም፤ ነገሩ ከባድ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ኩሬው ዳር ስንደርስ ግማሹ መንደር ተሰብስቧል። አክስቴ ጥቁሩን ነገር ትክ ብለው አዩት።

«የማን ነው?» አልኳቸው።

«የኔ። ስንት ዓመት የሰው ቤት አገልግዬ የገዛሁት።»

«ማን ጣለው ታዲያ?»

«ያንን ሰውዬ ጠይቂው።»

አያቴ ከኋላችን ደርሰው ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል።

«አልጣልኩትም» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእህታቸው። «ኩሬው ጋሪ እስኪሸከም ድረስ በረዶ የሆነ ጊዜ ነበር። ልደትሽ ነበር። ከከተማ ስትመለሺ በረዶው ላይ እንድትጫወቺ፣ መንደሩም እንዲጨፍር ብዬ ነው ያወጣሁት። በረዶው ነው ተሰንጥቆ የዋጠው።»

«ውሸታም! ለዳቦ ጋጋሪው ልጅ ልትታይ ነው ያወጣኸው!»

የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ኋላ የአያቴ ሚስት፣ ሴት አያቴ የሆነችው ናት።

«ማን አለሽ?»

«ሁሉም ሰው።»

«እኔን ጠየቅሽኝ?»

«አንተስ ነገርከኝ?»

«መቼ አናገርሽኝና!»

አክስቴ ወደ አያቴ ዞሩ። «እሷ ነበረች ወይስ አልነበረችም?» አሉ።

አያቴ መሬት መሬት አዩ። «ነበረች። ፋኖስ ይዛልን ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። አክስቴ አልሳቁም። ወደ ጭቃው አንድ እርምጃ ገብተው ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ጃቤዝ፣ ሲሰምጥ ምን ዓይነት ድምፅ ነበረው?» አሉ። «ይኼን ዘመን ሁሉ ሳስበው ነው የኖርኩት።»

አያቴ አሰቡ። ከዚያ እዚያው ሁሉም እያያቸው ደረታቸውን ነፍተው፣ ከሆዳቸው እንደሚወጣ የበሬ ግሳት፣ ረጅም «ቡዋንንንንግ…» አሰሙ፤ መጨረሻውንም በከንፈራቸው «ብልቅ፣ ብልቅ» አደረጉት።

አክስቴ ዶርካስ አፋቸውን በሽርጣቸው ያዙ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ተጠጋሁ፤ በሳቅ ፈርሰዋል። «እንደገና» አሏቸው፤ አያቴም ደገሙላቸው።

ከሰዓት በኋላ ኖርማን የሚባለው ገበሬ በትራክተር ጎተተው። እንጨቱ እንደ ረጠበ ዳቦ ፈራረሰና የሽቦ ክሮች የተንጠለጠሉበት የብረት ማዕቀፉ ብቻ ወጣ። አክስቴ ጓሯቸው ውስጥ አስቆሙትና ሐረጉ የሚጠመጠም ባቄላ አስወጡበት።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ከጠዋት እስከ ማታ በቀጥታ ይጨቃጨቁ ጀመር፤ ስለ ባቄላው፣ ስለ ዶሮዎቹ፣ ፋኖሱን ማን ይዞ እንደነበር። እናቴ መስኮቷን እየዘጋች «ምን አለ ያንን ኩሬ ባታዪው ኖሮ» ትለኝ ነበር።