የምትራገጠው ላማ ጉልበት

ሌላው ሕዝብ ኮከብ ይሰይማል፤ እኛ የአታካማ በረሃ ሰዎች ግን በኮከቦቹ መሃል ላለው ጥቁር ደመና ነው ስም የምናወጣው። አንገተ ረጅሙ የጭነት እንስሳችን ላማው፣ ቀበሮው፣ እባቡ፣ ሁሉም ጥቁር ናቸው።

እኔ ሾፌር ነኝ። ተራራው ላይ ወዳለው ራዲዮ ቴሌስኮፕ የማመላልሳት ዶክተር ሂሜና አንዲት ጠማማ የጋዝ ደመና ላይ ሙጭጭ ብላ ቀረች። የቴሌስኮፑን ሰዓት ለተመራማሪዎች የሚያከፋፍለው ኮሚቴ ደጋግሞ ከልክሏታል። አሁንም ከከለከላት ከሥራዋ መሰናበቷ ነው።

"ዊልፍሬዶ፣ ይቺ ምን ትመስልሃለች?" ብላ ምስሉን አሳየችኝ።

የታጠፈ ሽቦ ነበር የምትመስለው።

"የምትራገጥ ላማ እግር ናት እንጂ! አክስቴ ኤርሜሊንዳ ትሙት! ኮከብ የሚወለደው ከተረከዟ ነው ይሉ ነበር የጥንት ሰዎች፤ ያወራችልኝ አክስቴ ናት" አልኳት።

ማመልከቻዋ ላይ አስገባችው። ኮሚቴው በደስታ ፈቀደ። ደመናዋ ያለ ቴሌስኮፕ አትታይም፤ የጥንት ሰዎች በምን አዩዋት ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ቀኑ ደርሶ፣ በጠራራ ፀሐይ (ራዲዮ ቴሌስኮፕ ቀን ከሌት አይመርጥም)፣ ከፍታው ትንፋሽ ስለሚያሳጥር የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫችን ላይ ሰክተን ተረከዙን አየን። ባዶ። ቀዝቃዛ ጋዝ ብቻ።

ሂሜና ፊቷ አመድ መሰለ። "ሰዓቴ እያለቀ ነው። አክስትህ ተረከዝ ማለታቸውን እርግጠኛ ነህ?"

አክስቴ እቴ፣ ወሬውንም አልሰማች! ላብ አጠመቀኝ።

"ዶክተር፣ ስትራገጥ እኮ ነው! ተረከዟማ አየር ላይ ነው። ጭንቁ ያለው ጉልበቷ ላይ ነው።"

"አንተ ቀጣፊ፣ አሁን ፈጠርከው አይደል?"

"እኔ?"

ጣቷን ምስሉ ላይ፣ የእግሩ እጥፋት ጋ አሳረፈች። "ጋዙ ከሁለቱም ወገን ወደዚህ ከጎረፈ፣ የሚታመቀው እዚህ ነው… ምን ነክቶኝ ነው ተረከዙ ላይ የተቸከልኩት?"

የነካትን እኔ አውቃለሁ።

ቴሌስኮፑ ዞረ። ጉልበቷ ላይ፣ አቧራ የተከናነቡ ጨቅላ ኮከቦች ተጠጋግተው ተኝተዋል። ሂሜና ዘላ ስታቅፈኝ ቱቦዬ ከአፍንጫዬ ወለቀ።

በማግስቱ ኬክ ይዛ አክስቴ ቤት ከተፍ አለች። ለማስጠንቀቅ እንኳ ፋታ አላገኘሁም።

"ላማዋን ስለነገሩን አመሰግናለሁ፣ እማማ። ዊልፍሬዶ መጀመሪያ ተረከዝ ብሎኝ ነበር፤ ኮከቦቹ የተገኙት ግን ጉልበቷ ላይ ነው።"

አክስቴ እኔን አየች። ኬኩን አየች። ኬኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ይሄ ልጅ መቼም አንድ ነገር አደራ አይባልም፣ የኔ ልጅ። ከቅድመ አያቶቼ ጀምሮ ጉልበት ነው!"

አሁን ለቱሪስት ሁሉ የምትተርከው እሷ ናት። እኔ ልጨምርበት አፌን ስከፍት፣ "አንተ ደግሞ የማታውቀውን አትቀባጥር!" ትለኛለች።