የሦስት ሰዓት መንገድ

ሰዓት ሠሪው ከመሬት ከፍ ማለት አይወድም። «ከሦስት ሰዓት በላይ ሰማይ ላይ አልንጠለጠልም!» ብሎ ምሏል። ልጁ ባሕር ማዶ ከሄደች ስድስት ዓመት አልፏታል፤ እዚያው አግብታ ወልዳለች። እሱ ግን የልጅ ልጁን በስልክ እያየ «ትመጣለች፣ ምን አስቸኮላችሁ?» ይላል። ሚስቱን ናፍቆት ሊገድላት ደርሷል። ጥላው እንዳትሄድ ደግሞ እንቁላል እንኳ መቀቀል የማያውቅ ሰው ለማን ትተወው?

አንድ ቀን ሹልክ ብላ ቲኬት ቢሮ ሄደች። «በረራው አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ እናቴ» አለቻት ቲኬት ቆራጯ። ቲኬቱ ላይ ግን መነሻው ጠዋት አራት ሰዓት፣ መድረሻው በዚያው ቀን ሰባት ሰዓት ይላል።

«ይሄ ደግሞ እንዴት ነው?»

«የመድረሻው የእነሱ ሰዓት ነው። ከእኛ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው።»

የሴትየዋ ፊት በራ። «ተባረኪ! ባሌ መጥቶ ቢጠይቅሽ ግን እንዲህ አድርገሽ እንዳታስረጂው» አለቻት።

ቤት ገብታ ቲኬቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እሱም መነጽሩን ሰካ አድርጎ፣ «አራት… ሰባት… ሦስት ሰዓት ብቻ?» አለ።

«እኔ ምን አውቄ! የሰዓት ነገር ላንተ» አለች። አልዋሸችም እኮ!

አውሮፕላኑ ውስጥ ሰውዬው የወንበሩን እጀታ ጨምድዶ ዓይኑን ከሰዓቱ አልነቀለም። ልክ ሰባት ሲል «ደረስን!» ብሎ ቀበቶውን ፈታ። በመስኮት ቢያይ ደመና ብቻ። ስምንት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ፣ አሥር ሆነ፤ ፀሐይዋ ንቅንቅ አላለችም። ሰዓቱን ጆሮው ላይ ለጠፈው፣ ነቀነቀው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሰዓት ሲያቃና ኖሮ የራሱ ጉድ ሊሠራው! አጠገቡ ያለው መንገደኛ ሥራውን እንዳይጠይቀው ብሎ አውልቆ ኪሱ ውስጥ ሸጎጠው። ሚስቱ ሳቋን በሻርፗ አፈነች።

በመጨረሻ አስተናጋጇን ጠራ። «ልጄ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«በየትኛው አገር፣ አባባ?»

ጉድ ፈላ! «ለመድረስስ ስንት ቀረን?»

«አምስት ሰዓት።»

ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ሴትዮ!»

«ብነግርህ ትመጣ ነበር?» አለችው፤ ሳቋ ድንገት እንባ ሆነ። «ልጄን ሳላያት ልሙትልህ?»

እሱም ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ በሱሪው ወለወለና «ይቅርታ» አለው፤ ሰዓቱን እንጂ እሷን አይደለም። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት እስኪያርፉ በመስኮት ደመናውን ሲቆጥር ቆየ።

ልጃቸው አውሮፕላን ማረፊያው መውጫ በር ላይ ሕፃኗን ታቅፋ ትጠብቃቸው ነበር። በአንድ እጇ አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ፣ «አባዬ፣ ያን ሁሉ መንገድ እንዴት ቻልከው? እኔ እኮ በየዓመቱ ልምጣ እልና ርቀቱ…» አለች።

እናትየዋ «አሁን ጉዴን ሊያወጣው ነው» ብላ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። እሱ ግን ቲኬቱን ከደረት ኪሱ መዘዘ።

«የምን ርቀት? ይኸው፣ በአራት ተነስተን በሰባት ደረስን። የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። አንቺ ነሽ ስድስት ዓመት የፈጀብሽ።»

እናትየዋ ልትስቅ አፏን ከፍታ ነበር፤ በኀፍረት የጠቆረውን የልጇን ፊት ስታይ ዘጋችው።