የቴረል ስም

የኮሚሽነር ፕሩት ሾፌር ሆኜ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሦስት ትልልቅ ከተሞች የፖሊስ አዛዥ አድርገው ሾመዋቸዋል፤ በሦስቱም የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው። አሁን ደግሞ አራተኛ ከተማ ጠርቷቸዋል፤ ሊሄዱ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸዋል። ጋዜጣው «ብረቷ» ይላቸዋል። ጋዜጣ ምን ያውቃል! መኪና ውስጥ ዝም ብለው በመስኮት የሚያዩትን ሴትዮ የማውቀው እኔ ነኝ።

ሐሙስ የቴረል ኦስቦርን ቀብር ነበር። የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ፖሊስ ነበር፤ አንድ መኪና አስቁሞ መንጃ ፈቃድ ሲጠይቅ በጥይት መቱት። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እናቱ የኮሚሽነሯን እጅ ያዙ።

«ሌላ ምንም አልፈልግም። የልጄን ስም ብቻ ደህና አድርገው ይጥሩልኝ።»

«እጠራለሁ፣ ወይዘሮ ኦስቦርን።»

የስንብት ንግግራቸውን በትልልቅ ፊደል ያተምኩት እኔ ነኝ። ኮሚሽነሯ ግን ወረቀቱን አላዩም። አሥራ አንድ ፖሊስ ቀብረዋል፤ ንግግሩን በቃላቸው ያውቁታል። ጉድ የሠራን እሱ ነው።

«ዛሬ የምንሸኘው ዳንየል ሩዝ…» አሉ።

ያ ሁሉ ፖሊስ ቀጥ ብሎ እንደቆመ በዓይን ብቻ ተያየ። እሳቸው አልታወቃቸውም። ሦስቴ «ዳንየል» አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መቃብሩ ላይ እንደ ልማዳችን የሬዲዮ ክፍሉ፣ ሟቹ ሥራ ላይ እንዳለ ሁሉ፣ የጥሪ ቁጥሩን በሬዲዮ ጠራ። መልስ የለም። ደግሞ ጠራ። ከዚያ «ቴረል ኦስቦርን፣ ተረኛነትህ አብቅቷል» አለ። የኮሚሽነሯ ፊት የተለወጠው ያኔ ነው።

«ግሌን፣ እኔ ማንን ነው የጠራሁት?» አሉኝ መኪና ውስጥ።

«ዳንየል ሩዝን።»

«በመጀመሪያው ከተማ የቀበርኩት ነው። ለሱ አልቅሻለሁ።»

«ለቴረልስ?»

«ምንም አልተሰማኝም። ጠዋት ሐዘኑን ለመቀስቀስ ሞከርኩ፤ ምንም የለም።»

ወደ ቴረል እናት ቤት ሄድን። ኮሚሽነሯ ባርኔጣቸውን አውልቀው በረንዳው ላይ ዳንየል ማን እንደነበረ ነግረው ይቅርታ ጠየቁ። ወይዘሮ ኦስቦርን አልጮኹም፤ «እርስዎ» ማለቱን ብቻ ትተው ጠየቁ።

«የዳንየል እናት በሕይወት አለች?»

«አላውቅም።»

«ደውለሽላት አታውቂም?»

«ከቀብሩ ወዲህ አልደወልኩም።»

«ለኔስ ትደውያለሽ?»

ኮሚሽነሯ «አዎ» አሉ። እኔ አላመንኳቸውም፤ እሳቸውም ራሳቸውን ያመኑ አልመሰለኝም።