ግድግዳው ሳይነጣ

"ውረጂ እንጂ፤ በብሩሽማ ክረምቱ ሌላ ክረምት ይወልዳል" አለ ባሏ፣ ባልዲ አንጠልጥሎ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ።

አልወረደችም። በሳሙና ውሃ የቤቱን የፊት ግድግዳ ከውጭ በኩል ትፈትጋለች። የሻጋታው እጣቢ በክንዷ ተንቆርቁሮ ብብቷ ይገባል። ትናንት ሱፐርማርኬት ሒሳብ ስትቀበል የዋለችበት ወገቧ ዛሬ የሷ አይመስልም።

ቢሆንም ዛሬ ወገቤን የሚባልበት ቀን አልነበረም። እናቷ ሳንባዋ ደክሞ ተኝታ ከነበረበት ሆስፒታል ወጥታ ለጊዜው ወንድ ልጇ ቤት ናት። የት ትረፍ የሚለው ጉዳይ ቤተሰቡን እንደ ድንበር ክርክር ሲያነታርክ ሰንብቷል። ታላቅ ወንድሟ፣ ሻጋታ ያለበት ቤት እናቴን አላስተኛም ብሏል። ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት አየሩን የሚያሸት ሰው ነው፤ ባሏ "ኢንስፔክተሩ" ይለዋል። ከቀትር በፊት እናቱን ይዞ ይመጣል፤ ቤቱ ካላማረው ይዟት ይመለሳል። የእናትየው አልጋ በፊት ለፊቱ ክፍል ተነጥፏል፤ መስኮቱም ንጹሕ አየር ይግባ ተብሎ ወለል ብሏል።

"ከጄሪካኑ ቀድቻለሁ" አለ ባሏ። አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አቋራጭ መንገድ ካየ አያልፈውም። "የመጸዳጃ ቤቱን አሲድ ጠብ ላድርግበት። ሁለት ኃይለኛ ሲገናኝ ሻጋታው ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል።"

ጄሪካኑ የዚህ ቤት ሕገ መንግሥት ነው። ከእናቷ የወረሰችው ልማድ ነበር፦ የጽዳት ፈሳሽ ሊያልቅ ሲል ጠብታው አይደፋም፤ ጄሪካኑ ውስጥ ይገለበጣል። የሚጣለው ጠርሙሱ ነው፤ ከነማስጠንቀቂያው።

"ቆይ፣ እሱ ውስጥ እኮ..." ስትል አሲዱን አፈሰሰው።

ባልዲው እንደ ተረገጠ ድመት ሲር አለ። ቢጫ ጢስ ተነሣ። ጉሮሮዋ በምላጭ የተጫረ መሰላት። ከመሰላሉ እንዴት እንደወረደች አታውቅም፤ የባሏን ኮሌታ ይዛ ከግቢው በር ውጭ ራሷን አገኘች። እየሳሉ፣ ዓይናቸው እየፈሰሰ፣ መንገድ ዳር ተቀመጡ። አላፊ አግዳሚው ማን እንደሞተባቸው ሳይጠይቅ ከንፈሩን እየመጠጠ አለፈ።

"ምንድን ነበር ጄሪካኑ ውስጥ?" አለ ትንፋሹ ሲመለስ።

"ሁሉም።"

"ሁሉም ማለት?"

"ብዙው በረኪና። የመስታወቱም፣ የወለሉም አለበት። ያለቀ ሁሉ።"

ትንሽ አሰበና፣ "ታዲያ ለምን እኔን ታዪኛለሽ?" አለ።

"ማንን ልይ? አውቶቡሱን?"

ነፋሱ ጢሱን እየነዳ በተከፈተው መስኮት ያስገባዋል፤ ወደ ተነጠፈው አልጋ። ባሏ መላ አላጣም። ጢሱ ሲጠፋ መጋረጃውን እንቀይራለን፣ ሽቶ እንረጫለን፣ እስከዚያው እንዲቆዩ ውሃ ጠፋ በያቸው አላት። እናቷን ታውቃታለች፤ ውሃ ጠፋ ብትባል ከወንድ ልጇ ቤት አስቀድታ ትመጣለች እንጂ አትቀርም።

ስልኳን አውጥታ ደወለች።

"ልንነሣ ነው" አለ ወንድሟ።

"እማዬን እንዳታመጣት።"

"ምነው? ሻጋታው አለቅም አለ?"

ባሏ ቧንቧ የሚዘጋ ሰው እያስመሰለ እጁን ያዞራል። ፊቷን አዞረችበት።

"በረኪናና አሲድ ቀላቅለን ክፍሉን ጢስ ሞላነው። የሷ ደረት አይችለውም።"

"አሲድ?" አለ ወንድሟ። ደንግጦ ይሁን ድሉን እያጣጣመ አልለየላትም። ከዚያ፣ የታመመ ሰው እንደ ሻንጣ ከቤት ቤት አይዞርም አለ፤ ዛሬ ካልመጣች እዚሁ እኔ ጋ ትቀራለች።

"ትቅር" አለች። "ማታ ትራሷን ሁለት አድርግላት። በአንዱ ከተኛች ትንፋሽ ያጥራታል፤ ቢቸግራትም አትቀሰቅስህም።"