ቋንቋ የሚያደባልቀው ባጃጅ ጠሪ

የባጃጅ መጥሪያ መተግበሪያችንን የጻፈውን ነህምያን ባንቀው ደስ ባለኝ! ለእያንዳንዱ ደንበኛ ኮሩቲን የሚባል አንድ ትንሽ የፕሮግራም ክፍል ይነሳል፤ የሹፌሩን መልስ ሲጠብቅ ተራውን ለሌላው ይለቃል። ነህምያ ግን የደንበኛውን ቋንቋ የሚይዘውን ቫሪያብል፣ ማለትም የኮዱን ማስቀመጫ፣ ለሁሉም የጋራ አደረገው። አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ቋንቋውን ይቀይርበታል። መተግበሪያው በኦሮምኛ ሰላም ይልና፣ የሹፌሩን መድረስ በሶማልኛ ተናግሮ፣ በአማርኛ ይሰናበታል።

«እስከዛሬ ማን አማረረ?» አለኝ ነህምያ ስወቅሰው።

«ስህተት ስህተት ነው!» ብዬ ጮህኩበትና ለእያንዳንዱ ኮሩቲን የራሱን ቫሪያብል ሰጠሁ። በአንዱ ቋንቋ የጀመረ በዚያው ጨረሰ። ኮራሁ።

በማግስቱ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡት እትዬ የኔነሽ ደወሉ።

«አቦ ማህደር፣ የድሮው ልጅ የት ሄደ?»

«የቱ ልጅ?»

«ባጃጅ የሚጠራልኝ ነዋ! እሱ እንደኛው ሦስቱንም ቋንቋ እያደባለቀ የሚያወራ የሰፈራችን ሰው ነበር። ይሄኛው በአማርኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሳል። ለከተማው እንግዳ ነው፣ መንገድ ያሳስተኛል ብዬ በእግሬ ሄድኩ።»

እንዲህ ያለው ስልክ እስከ ምሳ ጎረፈ። ነህምያ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ጥርሴን ነክሼ ኮዱን ከፈትኩ።

አሁን እያንዳንዱ ኮሩቲን የራሱ ቫሪያብል አለው፤ በእያንዳንዱ ቫሪያብል ውስጥም ሦስቱም ቋንቋ አለ።