የሐኪሙ ወፍራም ወረቀት

አባቴ ሚስማር በአፉ ይዞ ያወራ ነበር። ሌላ ሰው ምን እንዳለ አይሰማም፤ እኔና እማዬ ግን ስለለመድነው አንድም ቃል አያመልጠንም። ጫማ ሠሪ ነበር። ክፍላችን ከሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ነው። ምድር ቤቱ ፎቶ ኮፒና መነጽር ቤት፣ ከእኛ በታች የጥርስ ሐኪም፣ ከእኛ በላይ ጣሪያ። የክፍሉ ግማሽ መሥሪያ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ግማሽ ደግሞ መኝታና ማብሰያ። ደረጃው እስከ ሁለተኛ ፎቅ የቅርንፉድ ዘይት ይሸታል፣ ከዚያ በላይ ማስቲሽ። ልጅ ሳለሁ ዓይኔን ጨፍኜ ብወጣ እንኳ ቤቴ የት ላይ እንደሚጀምር በአፍንጫዬ አውቅ ነበር።

ውል አልነበረንም። በሕንፃው ውስጥ ማንም ውል አልነበረውም። ሽማግሌው ባለቤት ወረቀት አይወዱም። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው እንጂ የአባት የእናት አይደለም» ይሉና እጅ ይጨብጣሉ፤ በቃ፣ አለቀ። አባዬ እጃቸውን የጨበጠው እኔ ሳልወለድ ነው። ወር በገባ ቁጥር ራሳቸው ደረጃውን ይወጣሉ፣ ኪራዩን ኪሳቸው ይከታሉ፣ ወንበር ስበው ያርፋሉ። ደረሰኝ የሚባል ነገር አያውቁም። ጫማቸውን አውልቀው «እስቲ ይቺን ተረከዝ እያት» ሲሉ ነው ጉዳዩ የሚዘጋው።

እሳቸው ሞቱ። በአራተኛው ወር አባዬ ተከተላቸው። ልቡ ነው አሉን። መዶሻውን እንደያዘ ከበርጩማው ላይ ዘንበል አለ። እኔ አጠገቡ ሶል እየሞረድኩ ነበር። ሚስማሮቹን ከአፉ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አራት ነበሩ።

ለቅሶ የሚደርሱን ሰዎች ገና ሳይወጡ የሽማግሌው ልጅ ባል መጣ። ሕንፃው አሁን በእሱ እጅ ነው። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ተቀምጦ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎናል። ከዚያ ግን ወደ እማዬ ዞረ።

«እትዬ፣ አማቴ ክፍሉን የሰጡት ለሥራ ነው። ሠራተኛው ካረፈ ሥራውም አበቃ። እናንተ ተከራይ አይደላችሁም፤ ውልም የላችሁ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ልቀቁልኝ።»

«ታዲያ ሃያ ስድስት ዓመት የት የኖርን መሰለህ፣ ልጄ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። በወረቀት አሳዩኝ።»

በማግስቱ እማዬ ድስቶቿን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች። «ክርክር ለባለ ወረቀት ነው» አለችኝ። ሌላ ቤት እንደሌለን ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። እኔ እጄ ላይ ያለው ያቺው የአባዬ ሙያ ናት፣ እሷም ያለዚያ ክፍል አትሠራም፤ ደንበኞቹ የሚያውቁት ያንን ደረጃ ነው።

ወረዳ ሄጄ የቤት ኪራይ ክርክር አይተው ወደሚወስኑት ሴትዮ ገባሁ። ቢሯቸው ጠባብ ነው፤ ዶሴ ከመስኮቱ በላይ ተከምሯል። እያለቀስኩ ስለነበር ነገሩን ከድስቶቹ ነው የጀመርኩት። እሳቸው ግን አላቋረጡኝም።

«ስሚ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ ስጨርስ። «ውል በጽሑፍ ስላልሆነ የለም አይባልም። ባለቤቱ እያወቀ፣ ኪራይ እየተቀበለ ያኖረው ሰው ተከራይ ነው። አብሮት የሚኖር ቤተሰብም እሱ በሞተ ማግስት ሜዳ ላይ አይጣልም። ሰውዬው ‹ለመኖሪያ አልተሰጠም› የሚል ከሆነ ግን፣ ሽማግሌው እዚያ እንደምትኖሩ ያውቁ እንደነበር የሚያሳይ ነገር አምጪልኝ።»

«ሰው ቢመሰክር አይበቃም?»

«ምስክር ጥሩ ነው። ወረቀት ደግሞ አይረሳም፣ አይፈራምም። ሐሙስ ሁለታችሁንም እጠራለሁ፤ እስከዚያ ዕቃችሁን ማንም አይነካም። እናትሽን ድስቶቹን ትፍታቸው በያት።»

እስከ ዛሬ ድረስ ያቺን የመጨረሻዋን ቃል ሳስብ ደረቴ ይሞቃል።

ወረቀት ግን ከየት ይምጣ? ሁለት ቀን ፈለግሁ። በሦስተኛው ቀን አንዲት አስተማሪ «ጫማዬስ?» ብላ መጣች። አባዬ ጀምሮላት ነበር፤ እኔ ልጨርስላት ቅርጿን ፍለጋ መጋረጃውን ገለጥኩ። ቅርጽ የምንለው በሰው እግር ልክ የተቆረጠ ወረቀት ነው፤ ቆዳው ላይ አስቀምጠን ዙሪያውን እናሰምርበታለን። አባዬ የደንበኞቹን ሁሉ ቅርጽ በገመድ አስሮ ግድግዳው ላይ ያንጠለጥላል። ወረቀቱ ወፍራም መሆን አለበት፤ የአባዬ ወፍራም ወረቀት ደግሞ ከአንድ ሰው ነበር የሚመጣው፤ ከታች ካሉት ሐኪም።

አባዬና ሐኪሙ ለአሥራ አንድ ዓመት ሲጣሉ ኖረዋል። አባዬ ከላይ መዶሻ ሲያሳርፍ ከታች በሽተኛው ከወንበሩ ይዘላል። አንዱ ደንግጦ የሐኪሙን ጣት ነክሷል። ሐኪሙ ደረጃ ወጥተው መጮህ አይወዱም፤ በሦስት ቅጂ ይጽፋሉ። አንዱን ለሽማግሌው፣ አንዱን ለአባዬ፤ ሦስተኛውን ሽማግሌውን «ደርሶኛል» አስብለው ያስፈርሙና ራሳቸው ያስቀምጡታል። አባዬ የሚደርሰውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ብርሃን ያነሳዋል። «አቤት ወረቀት! አይተጣጠፍ፣ አይሟሽሽ። ሰው እንዲህ አክብሮ ይሰድባል?» ይልና መቀሱን ያነሳል። ሲያልቅበትማ «እባካችሁ ዶክተርን አስቆጡልኝ፤ ለቁጥር አርባ ሁለት የሚሆን የለኝም» ይላል።

የአስተማሪዋን ቅርጽ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በታይፕ እንዲህ ይላል፤ «…ከነሚስቱና ከነልጁ የሚኖረው ተከራይዎ እሑድ ጠዋት ሳይቀር…» ከዚያ ተረከዙ ጋ ተቆርጧል። ሌላውን ገለበጥኩ፤ «…ሚስቱ ያጠበችውን ስታሰጣ ውሃው ታፔላዬ ላይ…» የነጋዴ እግር ነው፣ አውራ ጣቱ ጋ ያበቃል።

ቁጭ አልኩ። ሕይወታችን በሙሉ እዚያ ተጽፏል፤ አባዬ ግን ጫማ አድርጎታል።

«ሙሉው ሐኪሙ ዘንድ አለ» አልኳት ለእማዬ።

«በሬ ካራጁ ይውላል አሉ! እኛ ብንወጣለት እልል የሚል ሰው ዘንድ ነው የምትሄጂው?»

ወረድኩ። ሐኪሙ ረጅም ናቸው፤ ጭምብላቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው በሩን ከፈቱልኝ። ወንበሩ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል።

«ዶክተር፣ የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ፈልጌ ነው።»

«የትኞቹን?»

«በእኛ ላይ የጻፏቸውን።»

«አባትሽ ቅጂ ነበረው እኮ።»

«ነበረው። ቆራርጦ ጫማ ሠራበት።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጻፍኩትን?»

«አንዱም አልባከነም፣ ዶክተር።»

ከወንበሩ ላይ «ኽኽኽ» የሚል ድምፅ ተሰማ። «አንተ ዝም በል፣ ገና አልጨረስኩም» አሉት ሐኪሙ። ከዚያ ለምን እንደምፈልጋቸው ነገርኳቸው። «ጠፍተውብኛል» ቢሉኝ እኮ መዶሻው ለዘላለም ዝም ይልላቸዋል። እሳቸው ግን ጓንታቸውን አውልቀው ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዱ። ዶሴው በቀን በቀን ተደርድሯል፤ ሠላሳ አራት ደብዳቤ።

«ስለ ጩኸቱ የጻፍኩት እውነት ነው» አሉ፣ ሳያዩኝ። «ከነቤተሰቡ ይኖራል ያልኩትም እውነት ነው። አንዱን አውጥቼ ሌላውን አልደብቅም። ሐሙስ እኔው ይዤው እመጣለሁ፤ ላንቺ አልሰጥም።»

«ለምን?»

«ዘራችሁ መቀስ ይወዳል።»

ሐሙስ ጠዋት በሽተኞቻቸውን መልሰው መጡ። የሽማግሌው አማች ሲያያቸው ፊቱ በራ። «ዶክተር! እርስዎ እኮ ‹ይውጡልኝ› ሲሉ የኖሩ ሰው ነዎት።»

«መዶሻው ይቁም አልኩ እንጂ ሰዎቹ ይውጡ መቼ አልኩ? ይኸው፣ አንብበው።»

ሴትዮዋ አንድ በአንድ አነበቡ። እያንዳንዱ ላይ ተከራይ፣ ሚስት፣ ልጅ፤ እያንዳንዱ ላይ የሽማግሌው ፊርማ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ቆሙ። እዚያ ከፊርማው በታች ሽማግሌው፣ በዚያ ወረቀት በሚጠላ እጃቸው፣ በተንጋደደ ጽሕፈት አንድ መስመር ጨምረዋል። ሴትዮዋ ጮክ ብለው አነበቡት፤

«ዶክተር፣ ሰዎቹ ተከራዮቼ ናቸው፣ ቤታቸው ነው፤ ሠርቶ አዳሪ ድምፅ አለው፤ ቻለው።»

«የአማትዎ እጅ ነው?» ብለው ጠየቁት።

ሰውዬው ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። አይደለም ሊል ይችል ነበር። «ነው» አለ። ስለዚያች አንዲት ቃል እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ተከራይ ናችሁ ተባልን። በነበረው ኪራይ እንቀጥላለን፤ ሕጉ ከሚፈቅደው ምክንያት ውጭና በቂ ጊዜ ሳይሰጠን አያስወጣንም፤ ውሉም በጽሑፍ ይሆናል። በሳምንቱ ፎቶ ኮፒ ቤቱም፣ መነጽር ቤቱም፣ ሐኪሙም ውላቸውን አስጽፈዋል። እማዬ ደግሞ ድስቶቿን ፈታች፤ ጋዜጣውን አጣጥፋ አስቀመጠችው፣ «ለማንኛውም» ብላ።

የአስተማሪዋን ጫማ ጨረስኩ። ሚስማር በአፌ መያዝ ለምጃለሁ፤ እማዬ ግን ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች።

በሁለተኛው ወር ደብዳቤ መጣ። ያው ወፍራም ወረቀት፣ ያው ታይፕ። ለአዲሱ ባለቤት የተጻፈ፣ ለእኔ ግልባጭ። «ከእናቷ ጋር ከእኔ በላይ የምትኖረው ተከራይዎ ማክሰኞ ጠዋት ባሰማችው የመዶሻ ጩኸት…»

«ምን ያለ ውሸታም ነው!» አለች እማዬ። «ማክሰኞ እኮ መቃብሩ ጋ ነበርን፤ ቤቱ ተቆልፎ ነው የዋለው።»

እኔ ደግሜ አነበብኩት። ከእናቷ ጋር የምትኖረው። ተከራይዎ። ከታች ደግሞ፣ በአባዬ ቅጂዎች ላይ ያልነበረ፣ የአዲሱ ባለቤት ፊርማ፤ «ደርሶኛል»። ሳነብላት እማዬም ቀስ ብሎ ገባት፤ በመጋረጃው ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ አንድ ይመጣል፣ ብመታም ባልመታም። እውነት ለመናገር ከቀኑ ሰባት ሰዓት በፊት መዶሻ አላነሳም፤ እሳቸው በሽተኛ የሚያዩት ጠዋት ጠዋት ነው። ደብዳቤዎቹን እማዬ ፍራሿ ሥር አኖረቻቸው፣ መቀስም አታስደርስባቸውም። ለቁጥር አርባ ሁለት የሚሆን ወረቀት አሁንም የለኝም።