ሞርዌና ከማዕድ የተነሳችበት እሁድ

ሞርዌና የልጄ የዴንዚል ልጅ ናት። ትሩሮ ከተማ ካለ አንድ ትልቅ የጥብቅና ድርጅት በተለማማጅነት ስትቀጠር፣ ለእኔ ጠበቃ ማለት ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከር ሰው ብቻ ነበር። እሷ ግን አስረዳችኝ። ድርጅቱ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ ኩባንያ የሚያሻሽጡ አሉ፣ የአሠሪና የሠራተኛ ጉዳይ የያዙ አሉ፣ የቦታና የኪራይ ውል፣ የክርክር፣ የኪሳራ፣ የኑዛዜና የውርስ ክፍል አለ። ተለማማጇ ከእነዚህ በአራቱ ስድስት ስድስት ወር ትቀመጣለች። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ከክፍሎቹ አንዱ «እኛ እንፈልጋታለን» ካላለ ደህና ሁኚ ትባላለች።

የክፍሎቹን ስም በተራ ጽፌ ያዝኩ። የት እንዳለች ሳላውቅ መጨነቅ አልወድም።

ኩባንያ በሚያሻሽጡት ዘንድ ሳለች ከሳች። ከአሠሪና ሠራተኛ ክፍል ደግሞ ሰው ከሥራ ሲባረር የሚጻፈውን ደብዳቤ እያረቀቀች ምሳዋን ሳትበላ ትመለስ ነበር። ሦስተኛው የቦታና የኪራይ ክፍል ሲሆን እፎይ አልኩ። መሬት ያው ባለበት የሚቀመጥ ነገር ነው፣ ማንን ይጎዳል ብዬ።

ዴንዚል ከወንዙ አፍ፣ ከወደቡ ዳር ጀልባ ይጠግናል። ቦታውን ባለቤቴ፣ ከእሱም በፊት አባቱ ተከራይተው ሠርተውበታል። ድርጅቱ በእኔና በዴንዚል ስም ነው፤ ከሁለታችን አንዱ ውል መፈረም ይችላል፣ የተፈረመውን ለመሰረዝ ግን ሁለታችንም መፈረም አለብን። የወደቡ ዳር ውል በሴፕቴምበር መጨረሻ ያበቃል። ዴንዚል ግን አከራዮቹ እንደ ሁልጊዜው ያድሱታል ብሎ አንድም ቀን አላሰበበትም። ሞርዌና ኪራይ ክፍል ሳለች፣ ከወንዙ ወደ ላይ የምትኖር ባሏ የሞተባት ጓደኛዬ ሎቭዴይ ባዶ የቀረውን የጀልባ መጋዘኗን ለዴንዚል ልታከራይ ጠየቀችው። ሌላ ፈላጊም ስለነበራት እስከ ዓርብ መልስ ስጠኝ አለችው።

በፌብሩዋሪ አንድ እሁድ ሁላችንም ምሳ ላይ ነበርን። የበግ ጥብስ ነው። ዴንዚል እያኘከ፣ ዓርብ ለሎቭዴይ ደውሎ አልፈልግም እንደሚላት ነገረን። ሞርዌና ተነሳች። ማንም በልቶ ሳይጨርስ ሳህን መሰብሰብ ጀመረች፤ የእኔን ሥጋው ገና ግማሹ እንዳለ አነሳችው።

«ሳህን ማንሳቱንም እንደ ጥብቅናው በሰዓት ታስከፍሉበታላችሁ እንዴ?» አላት አባቷ።

አልሳቀችም። ከአባቷ ጋር ሳትቀላለድ ያሳለፈችውን ቀን አላስታውስም።

ሻይ ስንጠጣ ዴንዚል የመጋዘኑን ነገር እንደገና አነሳ፤ ቦታው ጠባብ ነው፣ ውሃው ሲሸሽ ጭቃ ይሆናል አለ። ሞርዌና እንደገና ተነስታ ወደ ማድቤት ገባች። ተከተልኳት። ንጹሕ ኩባያ ታጥባለች። አሞሽ ነው ወይ አልኳት፣ አይ አለች። አርግዘሽ ይሆን አልኳት፣ ኧረ አያቴ አለች። ያ የወንድ ጓደኛሽ አስቀይሞሽ ነው አልኳት፣ አይደለም አለች። ሁሉንም ቶሎ ቶሎ መለሰችልኝ።

«ታዲያ የሥራ ነገር ነው?» አልኳት።

ቧንቧውን ይበልጥ ከፈተችው።

ያን ጊዜ መተው ነበረብኝ። አልተውኩም፤ ነገሩን አውጥቼ አውርጄ ስገጣጥመው አደርኩ። ልጅቷ የኪራይ ክፍል ናት። የተነሳችው ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለቱም ጊዜ አባቷ መጋዘኑን ትቶ እዚያው እቆያለሁ ሲል ነው። ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ይዤ ሎቭዴይ ዘንድ ሄድኩ።

ሎቭዴይ ዴንዚል ልኮኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንደማያውቅ ነገርኳት።

«እንግዲያ አንቺ ሴትዮ፣ በሰባ ስምንት ዓመትሽ ጀልባ ልትጠግኚ ነው?» አለችኝ።

«መጋዘኑን ለእኔ አቆዪልኝ። ለምን ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።»

አልጠየቀችኝም። በጸሎት ቤታችን መዘምራን ውስጥ አርባ ዓመት ጎን ለጎን ቆመናል። በወረቀት ላይ አሰፈርነው፣ በጀልባ ጥገና ድርጅታችን ስም ፈረምኩ። ዴንዚል ዓርብ ሲደውልላት ሰማ። ቤቴ መጥቶ አረጀሽ፣ አእምሮሽ ደከመ፣ ሐኪም ይይሽ አለኝ። ለመሰረዝ የእኔም ፊርማ እንደሚያስፈልግ ስነግረው በሩን ዘግቶ ሄደ። አሥር ቀን አላናገረኝም።

በማርች አጋማሽ ደብዳቤው መጣ። አከራዮቹ ውሉን አያድሱም፤ ቦታውን አፍርሰው አፓርታማ ሊሠሩበት ነው። ደብዳቤውን በአከራዮቹ ስም የጻፈው ሞርዌና የምትሠራበት ድርጅት ነበር።

ዴንዚል ወዲያው ደወለላት። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ታውቂ ነበር ወይ አላት። በዚህ ጉዳይ ምንም ልናገር አልችልም አባዬ አለችው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ወረወረው። ከዚያ እኔን ለረጅም ጊዜ ተመለከተኝ፤ የሎቭዴይ መጋዘን ነገር ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

ልጄ አከራዮቹን ሊሟገት ከፋልመዝ ከተማ ጠበቃ ያዘ። ጠበቃው መልስ ሲጽፍ፣ ደንበኛዬ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ሌላ ቦታ ይዟል የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባ። ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ግን የአከራዮቹ ጠበቆች ቀኑን አዩት፤ ደብዳቤው ሳይጻፍ በፊት ነው። የኪራይ ክፍሉ ኃላፊ ሚስተር ፓስኮ ሞርዌናን ጠራት።

ቅዳሜ ዕለት ኮቷን እንኳ በቅጡ ሳትቆልፍ መጣች። ፋይሉ ጠረጴዛዋ ላይ በወደቀ ዕለት የአባቷን ስም እንዳየች ወዲያው ለኃላፊው እንዳመለከተች፣ ፋይሉን ወስደው እንደቆለፉበት፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል እንደታዘዘች ያን ጊዜ ነገረችን። ለማንም አልተናገርኩም ብላቸዋለች። አሁን ፈቃዴ ከሆነ የእኔን ቃል በጽሑፍ ይፈልጋሉ። ምስጢር አውጥታለች ካሉ ከዚህ ድርጅት መባረር ብቻ አይደለም፣ የትም ጠበቃ አትሆንም።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኳት።

«እሱን እኔ ልነግርሽ አልችልም፣ አያቴ። የሆነውን ጻፊ።»

መጀመሪያ «ምንም አልነገረችኝም» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው። ግን ወረቀቱን ባየሁት ቁጥር አላስቻለኝም። ታዲያ ሎቭዴይ ዘንድ ምን አስሮጠሽ ቢሉኝስ? ሳህኑን ማንሳቷን ደብቄ ኋላ ቢታወቅ፣ ልጅቷ አስጠንታኛለች ይላሉ። ብጽፈው ደግሞ በገዛ እጄ ላጠፋት ነው። ጻፍኩ፣ ቀደድኩ፣ እንደገና ጻፍኩ።

ዴንዚል ተይው አለኝ።

«እማዬ፣ ሳህን ማንሳት ምን ወንጀል አለበት? ልጄን አሳልፈሽ አትስጫት።»

ልጄን ሲል ሰማሁት። ከደብዳቤው ወዲህ እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም ነበር።

ሁሉንም ጻፍኩት። ሁለት ጊዜ መነሳቷን፣ ቧንቧውን፣ እኔ እየተከታተልኩ የጠየቅኳትን፣ ገጣጥሜ የደረስኩበትንም። ስህተት ካለ የእኔ ነው ብዬ ፈረምኩና ሐሳቤን ከመቀየሬ በፊት ፖስታ ቤት ሄጄ ላክሁት።

ከዚያ በኋላ ያለፈውን ሦስት ሳምንት አላወራም። እንቅልፍ የሚባል አልነበረም።

ሚስተር ፓስኮ ወረቀቴን ፊቷ አነበበው አሉ። ለምን ተነሳሽ ብሎ ጠየቃት። ከተቀመጥኩ ፊቴ ይናገርብኛል ብዬ ፈራሁ አለችው። እሱንም ጻፈው። በመጨረሻ ምስጢር አላወጣችም፣ በመጀመሪያው ቀን አመልክታለች ተባለ። ዘመዶችሽን ወይም የሚያውቁትን ሰው የሚነካ ፋይል ባለ ጊዜ ግን ከእነሱ ጋር ምሳ መብላት ይቅርብሽ አላት። የኪራይ ክፍል ከእንግዲህ እንደማይፈልጋትም ነገራት፣ በጨዋ አነጋገር። የቀሩትን ወራት ኑዛዜና ውርስ ክፍል ተቀመጠች፤ በሴፕቴምበር እነሱ ቀጠሯት። ዴንዚልም በዚያው ወር ዕቃውን ወደ ሎቭዴይ መጋዘን አጓጓዘ። ውሃው ሲሸሽ እውነትም ጭቃ ነው።

አሁን ሞርዌና የታዘዘችውን ትጠብቃለች። አንዳንድ እሁድ ትመጣለች፣ አንዳንድ እሁድ ሥራ አለብኝ ብላ ትቀራለች። የእኛ አካባቢ ሰው ጥቂት ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል። ዘንድሮ በተከታታይ ሦስት እሁድ ቀረች።

«የማን ኑዛዜ ይሆን?» አለ ዴንዚል ባለፈው እሁድ፣ ሹካውን አስቀምጦ። ከዚያ በአካባቢያችን የታመሙትን ሰዎች በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

የሥጋውን ሳህን ወደ እሱ ገፋሁለት።

«ብላ» አልኩት።